ስልጠናውን ከሆቴል አዳራሽ ወደ ማሽኑ አምጡልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

«ምርታማነት ዝቅተኛ ነው፣ ሠራተኛው ክህሎት ይጎድለዋል» የሚለውን ነገር ጋዜጣ በገለጥኩ ቁጥር አነበዋለሁ። መፍትሔ የሚባለውም ሁሌ አንድ ነው፤ ስልጠና። እኔ ቃሊቲ አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ በጥገና ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስልጠና አልጠላም። ግን የትኛው ስልጠና?

እኔ የማውቀው አብዛኛው እንዲህ ነው። አዳማ ወይ ቢሾፍቱ የሆቴል አዳራሽ ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል። አሰልጣኙ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ፓወር ፖይንት ከፍቶ በአማርኛ ያብራራል። ከሻይ በፊት የስልጠናው ዓላማ፣ ከሻይ በኋላ የስልጠናው አስፈላጊነት፣ ከምሳ በኋላማ እንቅልፍ ነው። በመጨረሻ አበል ይፈረማል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል። አበሉ ባይኖር ስንቱ ይመጣ እንደነበር እንተዋወቃለን። ደግሞስ ማን ነው የሚሄደው? ማሽን ላይ የሚቆመው አይደለም፤ እሱ ከሄደ ምርት ይቆማላ! የሚሄደው የቢሮ ሰው ነው፣ ወይ የአለቃ ወዳጅ። ስለ ማሽን ደህንነት ሰልጥኖ የመጣ የግዢ ሠራተኛ አውቃለሁ።

ትልቅ ሰው እንደ ተማሪ ቤት ልጅ «ይህን ያዝ፣ አንድ ቀን ይጠቅምሃል» ተብሎ አይማርም። ዛሬ የያዘው ሥራ ላይ የሚፈታለት ነገር ካላየ ጆሮውን ይዘጋል። 15 ዓመት ሞተር ሲፈታ የኖረ ሰው ድምፁን ብቻ ሰምቶ ቤሪንጉ፣ ማለትም ዘንጉ ተደግፎ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ፣ ሊያልቅ እንደሆነ ይነግራችኋል። እሱ ፊት ቆሞ «ቤሪንግ ማለት...» ብሎ መጀመር ስድብ ነው። ይልቅ ያው ቤሪንግ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚቃጠል ጠይቁት። አብራችሁ ፍቱት። ዘንጉ ተጣሞ ነው? ወይስ ግሪስ በዝቶ? ግሪስ ሲበዛም ቤሪንግ እንደሚግል ብዙ መካኒክ በወሬ አያምንም፤ በእጁ ዳስሶ ሲያየው ግን ሁለተኛ አይረሳውም።

ማንበብና ማስላት ለሚቸገሩትም ያው ነው። የጎልማሶች ትምህርት አዲስ ነገር አይደለም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ተብሎ በ15 ቋንቋ ተሰጥቷል፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። ግን ያኔ ፊደል ከቆጠሩት ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ የሚያነቡት ነገር እጃቸው ስላልገባ ረሱት። ፋብሪካ ውስጥ ግን የሚነበብ ሞልቷል! የደመወዝ ወረቀቱን ውሰዱ። ወር ሙሉ ሠርታ ለምን ያ ሁሉ ብር እንደተቆረጠባት የማታውቅ ሴት ስንት አለች? በወር 5,200 ብር የምታገኝ ከሆነ በእሱ ፐርሰንት አስተምሯት። ለጡረታ ከእሷ 7 በመቶ፣ 364 ብር። አሠሪው ከኪሱ የሚጨምርላት 11 በመቶ፣ 572 ብር። ወሩን በ26 ቀንና በ8 ሰዓት ስታካፍለው የአንድ ሰዓቷ ዋጋ 25 ብር ነው። ትርፍ ሰዓት ሲመጣ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ቀን ከሠራች በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ከሠራች በ1.75 ይባዛል፤ በእረፍት ቀኗ በ2፣ በበዓል በ2.5። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል የሠራች 87 ብር ከ50 ሳንቲም ይገባታል ማለት ነው። ይህን ስሌት ሲማር የሚያዛጋ ሰው ካለ አሳዩኝ። አንዳንድ አሠሪ ይህን ትምህርት ለምን እንደማይወደው ይገባኛል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ሲመጣ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ሠራተኛው በቡድን ሆኖ የራሱን የሥራ ቦታ ችግር ራሱ ይፈታል። የካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በደንብ የያዙት ፋብሪካዎች ተጠቅመውበታል። ሌላው ጋ ግን ወለል ላይ የተቀባ ቢጫ መስመርና ማንም የማያየው ሰሌዳ ሆኖ ቀርቷል።

የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎችም አሉላችሁ። 70 በመቶው ድርጅት ውስጥ በተግባር፣ 30 በመቶው በንድፈ ሐሳብ ይባላል። ወደ ድርጅቱ ሲመጡ ግን የሚይዛቸው የለም፤ ወለል ጠርገው፣ ሻይ አመላልሰው፣ ወረቀታቸው ላይ ማኅተም አስመትተው ይሄዳሉ። በነባሩ ሠራተኛ ግን አልፈርድም። የራሱን ኮታ እያሳደደ፣ ያለ አንዳች ክፍያ አስተምር ሲሉት ለምን ብሎ?

እኔ የምለው ውድ ነገር አይደለም። ፈረቃ ሲቀያየር ግማሽ ሰዓት፣ ደመወዝ የሚታሰብበት ግማሽ ሰዓት፣ እዚያው ማሽኑ ጋ። አሰልጣኙ ከሠራተኛው መሀል ይመረጥ፣ ለማስተማሩ ትንሽ ይጨመርለት፣ ሠራተኛው በሚሰማው ቋንቋ ይናገር፤ ሁሉም ሠራተኛ አፉን የፈታው በአማርኛ አይደለም። ስለ ደህንነት ከሆነ ማሽኑ ከመፈታቱ በፊት የኤሌክትሪክ ማብሪያው እንዴት ጠፍቶ እንደሚቆለፍና ቁልፉ ጠጋኙ ኪስ እንደሚገባ፣ ቀዩ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ የቱ ጋ እንዳለ በእጅ እየነኩ ይሁን። ከወር በኋላ ደግሞ «ስልጠናውን እንዴት አገኙት?» የሚል ቅጽ አታስሞሉን፤ የብልሽት መዝገቡን ክፈቱና ያው ብልሽት ተመልሶ እንደሆነ እዩ።

አሠሪዎች «ካሰለጠንነው ጎረቤት ፋብሪካ 300 ብር ጨምሮ ይወስድብናል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይወስዳል። ግን ያልሰለጠነውም እኮ ለ300 ብር ይሄዳል። የሄደው ለብሩ ነው። እስኪሄድ ድረስ ግን ማሽኑን ማን እንደሚሰብረው አስቡት።

ለእናንተ ለጋዜጠኞችም አንድ ነገር ልለምን። «ድርጅቱ ለ200 ሠራተኞች ስልጠና ሰጠ» የሚል ዜና ሲላክላችሁ ዝም ብላችሁ አትጻፉት። ደውሉና ከ200ው ውስጥ ማሽን ላይ ቆሞ የሚውለው ስንቱ እንደሆነ ጠይቁልን።

ከሠላምታ ጋር
የጥገና ባለሙያ፣ ከቃሊቲ