ስንት ጠብታ እንደሆነም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በጤና አምዳችሁ ስለ መዓዛማ ዘይቶች፣ ብዙ ሰው ኢሴንሻል ኦይል ስለሚላቸው፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ላቬንደር ለእንቅልፍ፣ ናና ለራስ ምታት፣ ባህር ዛፍ ለጉንፋን ተብሎ በሰፊው ተዘርዝሯል። ጥሩ። ግን ስንት ጠብታ? በምን ተበርዞ? ለስንት ዓመት ልጅ? አንድም ቦታ የለም። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ጭራሽ ባትኖር ይሻል ነበር። የእባብ መርዝም እኮ ከፋብሪካ አይመጣም።

እኔ የዘይቶቹ ጠላት አይደለሁም፤ ላቬንደር ቤቴ አለ፣ ሽታውንም እወደዋለሁ። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ዘይቱ የሚገኘው እጅግ ብዙ ቅጠል ወይም አበባ በእንፋሎት ተነጥሮ ነው፤ የሎሚና የብርቱካኑ ደግሞ ልጣጩ ተጨምቆ። ስለዚህ የናና ሻይ ጠጥቶ ምንም ያልሆነ ሰው የናና ዘይትም ምንም አያደርገኝም ብሎ ማሰብ የለበትም፤ ሁለቱ አይገናኙም።

በጣም የሚያሳስበኝ መጠጣቱ ነው። «ጠዋት በባዶ ሆድ ሁለት ጠብታ በአንድ ብርጭቆ ውሃ» የሚል ምክር በየማኅበራዊ ሚዲያው ሞልቷል። ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሃድም፤ ጠብታው ከላይ ይንሳፈፍና እንዳለ ሄዶ አፍና ጉሮሮ ላይ ያርፋል፣ ያቃጥላል። ለልጅ ሲሆን ደግሞ ጨዋታው ይለወጣል። የባህር ዛፍ ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ ሳይሞላ ትንሽ ልጅን ሊያንዘፈዝፍና ራሱን ሊያስተው ይችላል። የቅርንፉድ ዘይት የዋጡ ሕፃናት ጉበታቸው ተጎድቷል። ለጡንቻ ህመም የሚቀባው ዊንተርግሪን የሚባለው ዘይት ከሞላ ጎደል ሜቲል ሳሊሲሌት ነው፣ የአስፕሪን ዘመድ። የዚህ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ 7 ግራም ያህል አስፕሪን እንደመዋጥ ነው፤ ባለ 325 ሚሊ ግራሙ ክኒን ከ20 ፍሬ በላይ ማለት ነው። ለሕፃን ይገድላል።

ታዲያ ልጁ ጠጥቶ ከተገኘ እንዲያስመልሰው ብላችሁ ጣት ጉሮሮው ውስጥ አትክተቱ። ዘይቱ ሲመለስ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ያ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ደህና መስሎ ቢታያችሁም ጠርሙሱን ይዛችሁ ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። ጠርሙሱን አትርሱት፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምን እንደጠጣና ምን ያህል እንደሆነ ነው።

ስለ ጠርሙሱ ካነሳን አይቀር፣ አንዱን አንስታችሁ አፉን ተመልከቱት። የደህናው ጠርሙስ አፍ ላይ ጠብ ጠብ የሚያደርግ ትንሽ ፕላስቲክ ተሰክቷል። እሱ ከሌለ ወይም ነቅላችሁ ከጣላችሁት፣ ልጅ አንዴ ሲገለብጠው 10 ሚሊ ሊትሩ በሙሉ ይወርዳል። ሌላው ደግሞ፣ ጠርሙሶቹ ከዓይን ጠብታ መድኃኒት ጋር መልካቸው ይቀራረባል። አንድ መሳቢያ ውስጥ አብራችሁ አታስቀምጧቸው፤ በጨለማ ተነስቶ ቲ ትሪ ከሚባለው ዛፍ ቅጠል የሚወጣውን ዘይት ዓይኑ ውስጥ የሚጨምር ሰው አይጠፋም። ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ንጹህ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም።

ወደ ቆዳ እንምጣ። 1 ሚሊ ሊትር በግምት 20 ጠብታ ነው። ለአዋቂ ሰው ገላ የተለመደው መጠን 2 በመቶ ነው፦ በ30 ሚሊ ሊትር የወይራ ወይም የኮኮናት ዘይት ውስጥ 12 ጠብታ። ለፊት ግማሹ ይበቃል። እንዳለ መቀባት የለም፣ ላቬንደርም ቢሆን። መጀመሪያ የተበረዘውን ክንድ ላይ ትንሽ ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ነው። ካቃጠለ ውሃ ብቻውን አያነሳውም፤ በምግብ ዘይት ጠርጋችሁ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። በነገራችን ላይ ገላ መታጠቢያ ውሃ ውስጥ ጠብ ማድረግም ያው ነው፣ ይንሳፈፍና መጥቶ ቆዳ ላይ ይለጠፋል።

ከሎሚና የብርቱካን ዘመድ ከሆነው ከቤርጋሞት ዘይት ጋር ፀሐይ አይስማማም። ተጨምቀው የሚወጡት እነዚህ ዘይቶች ብርሃን ሲያገኛቸው ቆዳን የሚያቃጥል ነገር ስላላቸው፣ የተቀባው ቦታ ቢያንስ ለ12 ሰዓት ፀሐይ አይንካው። አለበለዚያ ውሃ ይቋጥራል፣ ጠባሳውም ወራት ይቆያል። የቆየ ዘይትም መጥፎ ነው፤ አየር ሲያገኘው ይበላሽና አለርጂ ያመጣል። ጠቆር ያለ ጠርሙስ፣ የተከደነ፣ ቀዝቃዛ ቦታ።

ሽታውን ቤት ውስጥ በማሽን የምትረጩ ደግሞ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በቂ ነው፣ መስኮት ገርበብ አድርጋችሁ። አስም ያለበት ሰው ካለ ባይጀመር ይሻላል። የናናና የባህር ዛፍ ዘይት ሕፃን አፍንጫ ሥር መቀባት፣ ያንን ልማድ በቃ ተዉት፤ ትንፋሹን ሊይዘው ይችላል። ድመት ያላችሁም ተጠንቀቁ። የድመት ጉበት እነዚህን ነገሮች ሰብሮ የሚያስወግድበት ኢንዛይም በጣም አነስተኛ ነው፣ ጸጉሯ ላይ ያረፈውን ደግሞ ትልሰዋለች።

አንድ ነገር ላክል። ጽሑፋችሁ «ለሕክምና ደረጃ የበቃ» የሚል ማኅተም ያለበትን ግዙ ይላል። ያንን ደረጃ መርምሮ የሚሰጥ ገለልተኛ አካል የለም፤ ሻጩ ራሱ የሚለጥፈው ነው።

ቀጣዩ ክፍል ሕፃናትን በዘይት ስለ ማሸት እንደሚሆን አስታውቃችኋል። እባካችሁ ከመታተሙ በፊት ለአንድ የሕፃናት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አሳዩት፣ ከእያንዳንዱ ዘይት ስም አጠገብም ዕድሜውንና የጠብታውን ቁጥር አስቀምጡ።

አንባቢያችሁ