ለደሴዋ ወዳጄ፣ ስለ ልብስ ቁጥር

ሰላምሽ ይብዛ የኔ ዓለም፣

ይህን ያህል ጊዜ ዝም ማለቴ አግባብ አልነበረም፤ አውፍ በይኝ። እነዚያ «ኤል እንኳ እንቢ አለኝ፣ ወፍሬያለሁ» እያሉ ቅስማቸው ተሰብሮ ከሱቅሽ የሚወጡት ልጆች ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። አብሽሩ በያቸው፤ ሰውነታቸው ምንም አልሆነም።

የቻይና ልብስ ሲገባልሽ «ኤል» የሚለውን ተይውና ከሥሩ ያለውን ቁጥር እዪ። 165/88A ካለ፣ 165 ቁመት ነው፣ 88 የደረት ዙሪያ። ሱሪና ጉርድ ላይ ሁለተኛው ቁጥር ወገብ ይሆናል። ከቁጥሩ ጎን ያለችው ፊደል ደረት ከወገብ በስንት እንደሚበልጥ ትናገራለች፦ «ዋይ» ከ19 እስከ 24 ሴንቲ፣ «ኤ» ከ14 እስከ 18፣ «ቢ» ከ9 እስከ 13፣ «ሲ» ከ4 እስከ 8። የቻይና «ኤል» ብዙ ጊዜ ለ88 ደረት የተሠራ ነው። ደረቷ 96 የሆነች ሴት እንዴት ትግባበት? ደረቷ 88 የሆነችውም ብትሆን በጀርመን 38፣ በፈረንሳይ 40፣ በጣሊያን 44 ነች። ሰኞ ባቲ ወርዳ ከሰልባጅ ክምር ሦስቱንም ብታነሳ ሦስቱም ልኳ ናቸው።

የአሜሪካኑ ደግሞ የባሰ ነው። በ1939 እና በ1940 (እ.ኤ.አ.) ወደ 15 ሺህ ሴቶች ተለክተው ለልብስ ቁጥር ሠንጠረዥ የተወሰደው የነጮቹ ልክ ብቻ ነበር። በ1958 በወጣው ደረጃ 8 ቁጥር ደረቱ 79፣ ወገቡ 60 ሴንቲ ገደማ ነው። ደረጃው በ1983 ተሰረዘ፤ ነጋዴው ገዢዋን ደስ ለማሰኘት ቁጥሩን ዝቅ እያደረገ መጥቶ የዛሬው 8 ደረቱ ላይ ከዚያ በ10 ሴንቲ በላይ ይሰፋል።

«ደረቱ ልክ ነው፣ ትከሻው ይወድቃል» የሚሉሽም አሉ። ፋብሪካ መጀመሪያ አንድ ናሙና ለቀጭን ሴት ይሰፋል፤ ለየቁጥሩ ዙሪያውን 4 ሴንቲ ያህል እየጨመረ ትከሻውንም አብሮ ያሰፋዋል። ሴት ስትወፍር ግን የትከሻዋ አጥንት አይረዝምም። ጥፋቱ የቆረጣው ነው።

ስትለኪ ሆዷን እንዳትስብ፤ ትንፋሽ ተይዞ የተለካ ጉርድ ስትቀመጥ ዚፑን ይበጥሳል። ወገብ ማለት ወደ ጎን ስታዘነብል የሚታጠፈው ቦታ ነው፣ እምብርት አይደለም። ዳሌን እግሯን ገጥማ ቆማ፣ ከወገብ 20 ሴንቲ ያህል ዝቅ ብለሽ የሰፋው ላይ ለኪ። ዳሌዋ ሰፍቶ ወገቧ ቀጭን ለሆነች ጉርዱን በዳሌዋ ምረጪላት፤ ወገቡ ከኋላ ይጠባል። በወገብ ከመረጥሽ ግን ዳሌውን ማስፋት አይቻልም ማለት ይቻላል፦ ፋብሪካ ለስፌት የሚተወው 1 ሴንቲ ነው፣ ግማሹን ከፊቱም ከኋላውም ጨርቅ ብትለቂ በሁለቱም ጎን ተደምሮ የምታገኚው 2 ሴንቲ ብቻ ነው። ራስሽ ስታሰፊ ለስፌት 2.5 ሴንቲ አስቀሪ፤ ያኔ እስከ 6 ሴንቲ ይወጣል። ቀሚስ በመቀነት ሲታሰር ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረበትም።

«ኤል» የሚለውን ፊደል መስቀያው ላይ አትለጥፊ። ልብሱን ዘርግተሽ ደረት፣ ወገብና ዳሌውን ለክተሽ በሁለት አባዢና ያንን ጻፊ። ጨርቁ የማይለጠጥ ከሆነ ከደረቱ 6 ሴንቲ ቀንሺ፤ ለመተንፈሻ የተተወ ነው። ሜትርሽንም በብረት ማስመሪያ አመሳክሪው፣ ሲያረጅ ይለጠጣል።

ልጆቹን ሳሚልኝ። መልስሽን ኮምቦልቻ እጠብቃለሁ።