ለፈረሱ ግላስ የሰጠነውን ዓይን ለጀርባውም እንስጥ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በአዊ ዞን በእንጅባራ ከተማ ስለሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ጋዜጣችሁም ሆነ ሌሎች መገናኛ ብዙኃን የሚያወጧቸውን ዘገባዎች በደስታ ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት ማኅበር የዓድዋ አርበኞችንና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ውለታ እየዘከረ እስከ ዛሬ መዝለቁ፣ ከበዓሉም ውጪ ሙሽራ በማጀብ፣ ለቅሶ በመድረስና የተጣላን በማስታረቅ የአካባቢው ሕዝብ አለኝታ ሆኖ መቆየቱ ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁን እንጂ ዘገባዎቹ ስለ ፈረሰኛው ብዛት፣ ፈረሱ ስለሚለብሰው ጌጠኛ ልብስ፣ ስለ ግላሱ፣ ድምቀትና ስለ ግልቢያው ፍጥነት ብዙ ካሉ በኋላ፣ ያ ሁሉ ትርኢት የቆመበትን ጉዳይ፣ ማለትም በፈረሱና በባለቤቱ መካከል በየዕለቱ በእጅ፣ በድምፅና በትዕግሥት የሚገነባውን መተማመን ሳይነኩት ሲያልፉ አያለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

ያደግሁት ፈረስ በማይጠፋበት ግቢ ሲሆን፣ በአካባቢያችን ጥሩ ፈረሰኛ እየተባሉ የሚከበሩ አባቶች ከግልቢያቸው ይልቅ በአያያዛቸው ይታወቁ ነበር። አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ማለዳ ወደ በረቱ ሲሄዱ ገና ከሩቅ ድምፃቸውን ያሰሙ ነበር፤ ወደ ዳማ ፈረሳቸውም የሚቀርቡት በትከሻው በኩል እንጂ ከኋላው መጥተው አያውቁም። ለዚህ ልማድ በቂ ምክንያት አለው። የፈረስ ዓይኖች በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ የተቀመጡ በመሆናቸው እንስሳው ዙሪያውን በሙሉ ያያል ማለት ይቻላል፤ የማያየው ከግንባሩ ፊት ያለችውን ጠባብ ቦታና በቀጥታ ከጭራው በስተኋላ ያለውን ነው። በሜዳ ላይ ከአውሬ በመሸሽ ነፍሱን ሲያተርፍ የኖረ ፍጡር ከማያየው አቅጣጫ ድንገት ሲነካ ቢራገጥ ክፉ ሊባል አይገባውም። አዛውንቱ መጀመሪያ እጃቸውን ትከሻው ላይ ያሳርፉና፣ አንገቱ ከጀርባው በሚገናኝበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ጋማውን ሥር ሥሩን በጣቶቻቸው እያከኩ ጥቂት ይቆያሉ። ፈረሱም አንገቱን ያስረዝማል፣ የላይኛውን ከንፈሩን አሹሎ ያንቀጠቅጣል፣ አንዳንዴም ዞሮ የጋቢያቸውን ጫፍ በከንፈሩ ይጎነትላል። ፈረሶች ራሳቸው እርስ በርስ ሲተካከኩ የሚመርጡት ይህንኑ ቦታ ነው፤ እዚያ ሲታከኩ የልባቸው ምት እንደሚቀንስም ተመራማሪዎች ለክተው አሳይተዋል። አዛውንቱ ይህን ያነበቡበት መጽሐፍ አልነበራቸውም፤ የፈረሱን ከንፈር አይተው ግን በሚገባ ያውቁት ነበር።

ፈረስን ማሸትና መቦረሽ ለውበት ብቻ የሚደረግ የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። እርግጥ ነው፣ ጠጉሩ ያብለጨልጫል። ዋናው ጥቅሙ ግን እጅ በየዕለቱ በመላ አካሉ ላይ ሲያልፍ ትናንት ያልነበረው ሙቀት፣ እብጠት ወይም ቁስል ወዲያውኑ መታወቁ ነው። በከተሞቻችን የጋሪ ፈረሶችን ክፉኛ የሚያጠቃውና በቆዳ ሥር እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶችን የሚያወጣው በፈንገስ የሚመጣ በሽታ የሚገባው በቁስል በኩል ሲሆን፣ በበሽተኛ ፈረስ ላይ የዋለ ኮርቻ፣ ልጓም ወይም ቡሩሽ ወደ ጤነኛው ሊያሻግረው ይችላል። በሽታው ከሰፋ በኋላ ማዳኑ አስቸጋሪ ነው፤ ገና በመጀመሪያዋ እብጠት ላይ የሚደርስበት ሰው ደግሞ ፈረሱን በየማለዳው የሚዳብሰው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ኮርቻ ከመጫኑ በፊት ኮርቻው የሚያርፍበትን ቦታ መጥረግም እንደዚሁ ነው። የደረቀ ላብ፣ ጭቃ ወይም አንዲት እሾህ ከግላሱ ሥር ከቀረች፣ የጋላቢው ክብደት ተጨምሮባት በአንድ ውሎ ቆዳውን ልጣ ገጣባ ታደርገዋለች። ገጣባው ሲድንም ብዙ ጊዜ ምልክቱን ትቶ ነው፤ የጠጉሩ ሥር በመጎዳቱ በዚያ ቦታ የሚበቅለው ጠጉር ነጭ ይሆናል። አንባቢዎች በሚቀጥለው በዓል ላይ አንድ ፈረስ ኮርቻው ሲወርድለት ለማየት ዕድል ቢያገኙ፣ በዳማው ወይም በጥቁሩ ጀርባ ላይ የተበተኑትን ነጫጭ ጠብታዎች ልብ ብለው ይመልከቱ። ፎቶግራፍ አንሺዎቻችን የሚያነሱት ያሸበረቀ ግላስ የሚሸፍነው እነዚያን ነው።

ስለ ኮቴም አንድ ነገር ልጨምር። የፈረስ እግር በጉልበት ተይዞ አይነሳም። እጅ ከትከሻው ጀምሮ በእግሩ ላይ ቀስ ብሎ ይወርድና ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሲደርስ ፈረሱ ራሱ ክብደቱን ወደ ሌሎቹ ሦስት እግሮቹ አዛውሮ ኮቴውን ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ጠጠሩና ጭቃው ከተረከዙ ወደ ጫፉ ይወጣል፤ መካከል ላይ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ልስልስ ክፍል እንዳይወጋም ጥንቃቄ ይደረጋል። ለመሸሽ በእግሩ ብቻ የሚተማመን እንስሳ አንዱን እግሩን በሰው እጅ ላይ ትቶ ጸጥ ብሎ ሲቆም ሰውየውን ምን ያህል እንዳመነው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምልክት አላውቅም።

ወደ መግራቱ ስንመጣ፣ በብዙ ቦታ ፈረስ መግራት ማለት ፈረሱን አድክሞና አስፈራርቶ ማሸነፍ ተደርጎ ይወሰዳል። የቀድሞዎቹ አዋቂዎች ግን ውርንጭላውን ከእናቱ ሥር ሳለ ጀምረው በእጅ ያለምዱት ነበር፤ መጀመሪያ ገመድ ማሰር፣ ቀጥሎ መምራትና ማቆም፣ ከዚያ ባዶ ግላስ ማልበስ፣ ቆይቶ ኮርቻ፣ በመጨረሻም ክብደቱ ቀለል ያለ ልጅ ማስቀመጥ። አጥንቱ ሙሉ በሙሉ የሚጠነክረው ወደ አምስትና ስድስት ዓመቱ ገደማ ስለሆነ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላውን ግልገል ለግልቢያ ማሰለፍ ዕድሜውን ማሳጠር ነው። በየደረጃው የሚሠራው ሕግም አንድ ነው፤ ገመዱ ሲሳብ ፈረሱ አንዲት እርምጃ እንኳ ወደፊት ቢል ገመዱ በዚያችው ቅጽበት መላላት አለበት። ያደረገው ነገር ትክክል መሆኑን የሚያውቀው ጫናው ሲነሳለት ነውና። ፈረሱ ከታዘዘም በኋላ የሚጎትት ሰው መታዘዝ ዋጋ እንደሌለው እያስተማረው ነው፤ እንዲህ የተገራ ፈረስ ደግሞ አፉ ይደነድናል፣ ባለቤቱም የባሰ ልጓም ይፈልጋል።

ስለ ልጓም ካነሳሁ አይቀር፣ በሀገራችን ለዘመናት ሲሠራበት የኖረው፣ የታችኛውን መንጋጋ በቀለበት የሚይዘው የብረት ልጓም እጅግ ኃይለኛ መሣሪያ መሆኑን ብዙ ወጣት ፈረሰኞች የሚያውቁ አይመስለኝም። ብረቱ የሚያርፈው በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ባለው ባዶ ድድ ላይ ሲሆን፣ እዚያ ቦታ አጥንቱን የሸፈነው ስስ ቆዳ ነው። በለስላሳ እጅ ዛቡ (ጋላቢው የሚይዘው የልጓሙ ጠፍር) በሁለት ጣት ተነክቶ ፈረሱ የሚቆምበት ይህ ልጓም፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ በዛቡ ላይ በሚንጠለጠል ጋላቢ እጅ አፍ የሚያደማ ይሆናል። ስለዚህ ወጣቱ ዛብ ከመጨበጡ በፊት በባዶ እጁ በሶምሶማና በደንገላሳ ተቀምጦ መሄድን ቢለምድ፣ አስተማሪውም ፈረሱን ከመሬት ላይ በገመድ ቢመራለት፣ የብዙ ፈረስ አፍ ይድናል።

ፈረስ ፊታችንንም ያነባል። በእንግሊዝ ሀገር የሚገኘው የሱሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ የተቆጣ ሰው ፎቶግራፍ ሲታያቸው የፈረሶች የልብ ምት ፈጥኖ እንደሚጨምርና ምስሉን በግራ ዓይናቸው ለማየት እንደሚያዘነብሉ አመልክተዋል። ፎቶግራፍ ይህን ካደረገ፣ በበዓሉ ግርግር መካከል አለንጋ ይዞ የሚጮኽ ባለቤት ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም።

ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ የሆነ የውጭ ሰው ምክር አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል እየተባሉ የተጠሩት በፈረሶቻቸው ስም ነው። ሰው በፈረሱ ስም ሲፎከርለትና ሲሞገስ የኖረበት ሀገር ፈረስን እንደ ተራ ማጓጓዣ ሲያይ አልኖረም። ቤተ መንግሥቱም ለዚህ ሥራ ባልደራስ የሚባል ሹም ነበረው። (ልጆቻችን እነዚህን የፈረስ ስሞች ለፈተና ሲሸመድዱ ፈረሱ ራሱ ምን ይበላ እንደነበር የሚጠይቅ መምህር አለመኖሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል።)

ዛሬ ያለው ሁኔታ ግን ያሳስባል። በአንድ በኩል በከተሞች ዙሪያ ባሉ መዝናኛ ቦታዎች ፈረስ በደቂቃ ሒሳብ ይከራያል፤ ተከራዩም የፈረሱን ስም ሳይጠይቅ ወጥቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ የተለያየ ክብደትና የተለያየ እጅ የሚፈራረቅበት ፈረስ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ሲቆም ሰነፍ ይባላል። በሌላ በኩል በአዊ ራሱ የፈረስ አያያዝ እየከበደ መጥቷል። በተለይ በፋግታ ለኮማ አካባቢ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ለገበሬው ጥሩ ገቢ ያስገኘ ቢሆንም የግጦሹን መሬት አጥብቦታል። ዓመቱን ሙሉ በቂ ሣር ሳያገኝ የከረመ ፈረስ በዓሉ ሲቃረብ በድንገት ገብስ ይበዛለታል፤ ፈረስ ደግሞ የበላውን መልሶ ማስመለስ ስለማይችል ያልለመደው እህል በአንድ ጊዜ ሲበዛበት የሚነሣው የሆድ ቁርጠት ሊገድለው ይችላል። ገብሱ ከሳምንታት በፊት በጥቂቱ ተጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር፣ ግልቢያውም በእርምጃና በሶምሶማ መለማመድ እንዳለበት የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ከውድድሩ በኋላም ፈረሱን እያለከለከ ከማሰር ይልቅ ትንፋሹ እስኪመለስ በእጅ እየመሩ ማንሸራሸር ተገቢ ነው።

ስለዚህ ለጋዜጣችሁም ሆነ ለበዓሉ አስተባባሪዎች የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ሀገራችን ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ ያላት ሆና ሳለ፣ ስለ አያያዙ በአማርኛ የሚታተም ተከታታይ ጽሑፍ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ጋዜጣው ከኅዳር ወር ጀምሮ እስከ በዓሉ ድረስ በሳምንት አንድ ጊዜ አጭር ዓምድ ቢከፍት፣ በቢሾፍቱ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚያስተምሩ ባለሙያዎች ስለ ኮቴ፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ ገጣባና ስለ ቀለብ ቢጽፉበት፣ ጎን ለጎንም አንድ አንድ አረጋዊ ፈረሰኛ ውርንጭላ እንዴት እንደሚገራ ቢናገሩበት፣ በአንባቢ እጦት የሚቸገር አይመስለኝም። አረጋውያኑን መጠየቅ ጊዜ የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም፤ የያዙትን ዕውቀት የጻፈላቸው ሰው የለምና።

ለአስተባባሪዎቹ የምለው ደግሞ የበለጠ ቀላል ነው። ከፍጥነቱና ከጌጡ ሽልማት ጎን ሌላ ሽልማት ይጨመር። ጥር 22 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የወረዳው የእንስሳት ሐኪምና ሁለት ነባር ፈረሰኞች ባሉበት፣ መሸለም የሚፈልግ ሁሉ ግላሱንና ኮርቻውን አውርዶ ፈረሱን ያቅርብ። ዳኞቹ ጀርባውን በእጃቸው ዳብሰው፣ የከንፈሩን ጥግና ድዱን አይተው፣ ባለቤቱ አራቱንም ኮቴ በየተራ እንዲያነሣ ይጠይቁት፤ ከዚያም ኮርቻውን መልሶ ጭኖ፣ ማንም ልጓሙን ሳይዝለት እርካቡን ረግጦ ይውጣ። ቁስል የተገኘበት ፈረስ በማግሥቱ እንዳይጋለብ ለባለቤቱ በክብር ይነገረው፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን እዚያው ይስጠው። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ከአንድ ድንኳን ኪራይ አይበልጥም፤ ጋዜጣችሁም ዘጋቢውን አንድ ቀን ቀደም አድርጎ ቢልክ አሸናፊውን ፈረስ ያለ ጌጡ ፎቶግራፍ ሊያነሣው ይችላል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዊ