ገበያው ሲከፈት አፋችንም ይከፈት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ደኅና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ዝም ማለቴን በክፉ እንዳታይብኝ፤ ኔትወርኩም መንገዱም እንደምትሰማው ነው።

በቀደም ቡሬ ገበያ ወርጄ ነበር። አንድ ገበሬ በቆሎውን ከአህያ አራግፎ ቆሟል። ነጋዴው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የአዲስ አበባን ዋጋ ይጠይቃል። ሲጨርስ አንድ ዋጋ ጠራ። ገበሬው አልተከራከረም፤ ጆንያውን ወደ ሚዛኑ ገፋው። የማዳበሪያ ዕዳ አለበታ! ነገሩ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ተሻገረ። ማዳበሪያ ደግሞ ከውጭ በዶላር ነው የሚገዛው። መንግሥት ቢደጉምም ሸክሙ ገበሬው ትከሻ ላይ ማረፉ አልቀረም።

ንግድ ይዘጋ እያልኩህ አይደለም። ሲዘጋም አይተናል። በ1998 ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የተከለከለው የከተማው እንጀራ እንዳይወደድ ነው። ከተሜ ኑሮ ሲወደድበት ይጮኻል፤ ቤተ መንግሥቱም ቅርብ ነው። የቢቸናና የደጀን ገበሬ ግን በየጎጡ ተበታትኖ ነው የሚኖረው። እሱን ማን ይስማው? ተከፈተም ተዘጋ፣ ሳይጠየቅ ነው የሚወሰንበት።

ምርጫን አጥብቄ የምፈልገው ለዚህ ነው። አብዛኛው የአገራችን ሰው ገበሬ ነው። ድምፁ የምር ቢቆጠር ኖሮ የጤፉን ዋጋ ያለ እሱ የሚቆርጥ አይኖርም ነበር። ግን ማዳበሪያ የሚያድለውም ድምፅ የሚያስቆጥረውም አንድ ቀበሌ ከሆነ፣ ምኑን መረጠው?

የ1960ውን ታውቃለህ። አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃምን ገበሬ ያማከረው አልነበረም። ፓርላማ ነበረ፤ ፓርቲ ግን አልነበረም። ስለዚህ አባቶቻችን ጠመንጃ አነሡ። አውሮፕላን ቦምብ ጣለባቸው። በኋላ የጎጃም ገዥ ከሥልጣን ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ። ለመሰማት ብቻ ያን ያህል ደም! ዛሬም ያው እንዳይሆን እሰጋለሁ፣ ወንድሜ።

አንተ እዚያ ንግድ ሚኒስቴር አካባቢ ሰው ታውቃለህ። ዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት ከ1995 ጀምሮ ደጅ እየጠናን ነው። በድርድሩ ስለ እርሻ ምን እንደተባለ ጠይቅልኝ። እዚህ የነገረን የለም። መልሱን ስትጽፍልኝ ለዕድራችን ሰዎች አነብላቸዋለሁ።

ወንድምህ፣ ከጎጃም