ረቂቅ መመሪያ ሲደርሳችሁ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚያወጧቸውን ረቂቅ መመሪያዎች ይመለከታል

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን አራት ኪሎ ወዳለው ቢሯችን የሚደወለው ስልክ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ «ይህ በቴሌግራም የሚዞረው መመሪያ እውነት ነው? ከነገ ጀምሮ ሊያስቀጣን ነው?» የሚል። ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ቆራርጠን ከምንመልስ አንዴ በደንብ ብንጽፍላችሁ ይሻላል ብለን ይህን ደብዳቤ ልከናል።

በቅድሚያ አንድ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ደንበኛችን ስልካቸውን ከፍተው ስላሳዩን ሰነድ እናንሳ። ርዕሱ ላይ «መመሪያ ቁጥር» ይልና የቁጥሩ ቦታ ባዶ መስመር ነው፤ ዓመቱ ብቻ ተጽፏል። መጨረሻው ገጽ ላይ የሚኒስትሩ ማዕረግ አለ፣ ፊርማ ግን የለም፤ ቀኑም አልተሞላም። እሳቸው ግን በዚህ ሰነድ ተደናግጠው ለአቅራቢያቸው «ትእዛዜን ሰርዝልኝ» ብለው ሊጽፉ ነበር። ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ የሌለው ወረቀት ረቂቅ ነው። ማንንም አያስገድድም፤ በእሱ ሊቀጣ የሚችል ባለሥልጣንም የለም።

ይህን የምንለው በግምት አይደለም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርግና ቢያንስ 15 የሥራ ቀን አስተያየት እንዲቀበል ያስገድዳል። ከዚያም መመሪያው በፍትሕ ሚኒስቴር መመዝገብ አለበት (አዋጁ ላይ «ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ» የሚለውን ታገኛላችሁ፤ ሥልጣኑ ኋላ ወደ ሚኒስቴሩ ተላልፏል)። ተመዝግቦ ድረ ገጽ ላይ ያልተጫነ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም። ስለዚህ አንድ ሰነድ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ምን ይላል?» ሳይሆን «ተመዝግቧል ወይ?» የሚለውን ይሁን።

አዋጅና ደንብ መንገዳቸው ሌላ ነው። አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይጸድቃል፣ ደንብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ይወጣል፤ ሁለቱም በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማሉ። የታተመውን ቅጂ ከእኛ ቢሮ ብዙ በማይርቀው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት መግዛት ይቻላል። ነጋሪት ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስለሚታተም ብዙዎቻችሁ በቁጥር ስትምታቱ እናያለን፤ 1183/2012 እና 1183/2020 አንድ አዋጅ ነው፤ የተለየው የዘመን አቆጣጠሩ ብቻ ነው። በሁለቱ ቅጂዎች መካከል የትርጉም ልዩነት ከተገኘ ደግሞ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው።

ሰነዱ ሕግ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ንባቡን ከኋላ ጀምሩት። ነገሩ ሁሉ ያለው መጨረሻዎቹ አንቀጾች ላይ ነው፦ የትኛው የቀድሞ መመሪያ እንደተሻረ፣ የተጀመሩ ጉዳዮች በየትኛው ሕግ እንደሚስተናገዱ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና። በተለይ «የመሸጋገሪያ ድንጋጌ» የሚለው ለአስመጪ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ኤልሲ (ባንኩ ለውጭ አቅራቢው ክፍያ ዋስትና የሚሰጥበት ሰነድ) ተከፍቷል፣ ዕቃው መርከብ ላይ ነው ወይም ጅቡቲ ወደብ ደርሷል እንበል። ሕጉ መሐል መንገድ ላይ ቢለወጥ ያ ዕቃ በአሮጌው ይስተናገዳል ወይስ በአዲሱ? መልሱ ያለው በዚያች አንድ አንቀጽ ነው፤ አንቀጿ ከሌለች ደግሞ ክርክሩ ጉምሩክ መስኮት ላይ ይጠብቃችኋል።

አስመጪ የሆናችሁ ጥቅምት 2015ን አትረሱትም። ያኔ የገንዘብ ሚኒስቴር 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ለብሔራዊ ባንክ ያሳወቀው በደብዳቤ ነበር፤ ክልከላው የተነሳው በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲሻሻል ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲመጣ አስቀድሞ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ አይኖርም። አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ ሲኖር ግን ዝም ብለን ማሳለፋችን ያሳዝነናል፤ ይህን ደብዳቤ በዋናነት ያጻፈንም እሱ ነው። አሥራ አምስት የሥራ ቀን ማለት ሦስት ሳምንት ነው። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ረቂቁ በየቴሌግራሙ ሲዞር፣ በየሱቁ ሲያስደነግጥና ሲያማርር ይከርማል፤ ለመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈው ግን ጥቂት ነው። ረቂቁን ያዘጋጀው ባለሙያ ሱቃችሁን አያውቀውም። መጋዘናችሁ ውስጥ ያለው ዕቃ ለመሸጥ ስንት ወር እንደሚፈጅበት ካልነገራችሁት ከየት ያመጣዋል? መሥሪያ ቤቱ የደረሰውን አስተያየት የማጤን ግዴታ አለበት፤ ያልደረሰውን ግን ሊያጤን አይችልም።

ስትጽፉ «መመሪያው ነጋዴውን ይጎዳል» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። አንቀጹን በቁጥር ጥቀሱ፣ በሥራችሁ ላይ የሚያደርሰውን በብርና በቀን አስቀምጡ፣ ከዚያም አንቀጹ እንዴት ቢጻፍ እንደሚሻል ዐረፍተ ነገሩን ራሳችሁ አቅርቡ። ለምሳሌ «በአንቀጽ 9 የተሰጠው የ30 ቀን ጊዜ በእጃችን ያለውን ዕቃ ለመጨረስ አይበቃም፤ 6 ወር ይሁን» የሚል አንድ ገጽ፣ ከንግድ ፈቃድ ቅጂ ጋር ተያይዞ፣ ከአሥር ገጽ ምሬት ይበልጣል። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቀሪው ላይ የገቢ ማኅተም ማስመታት እንዳትረሱ። መመሪያው ከወጣ በኋላም ቢሆን በፍርድ ቤት እንዲከለስ አቤቱታ ማቅረብ አዋጁ ይፈቅዳል፤ ግን ያ ረጅምና ውድ መንገድ ስለሆነ የመጀመሪያ ምርጫችሁ እንዲሆን አንመክርም።

እኛም ከዚህ በኋላ ለእናንተ በምንልከው ሰነድ ሁሉ አናት ላይ «ረቂቅ»፣ «የተመዘገበ» ወይም «የተሻረ» ብለን እንጽፋለን። የገቢዎች ሚኒስቴርን፣ የጉምሩክ ኮሚሽንን፣ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴርንና የፍትሕ ሚኒስቴርን ድረ ገጾች በየሳምንቱ እንመለከታለን። የእናንተን ዘርፍ የሚነካ ረቂቅ ስናገኝ ከአስተያየት መስጫው የመጨረሻ ቀን ጋር እንልክላችኋለን። የጋራ ደብዳቤ መጻፍ ለምትፈልጉ በቢሯችን ተሰብስበን እናዘጋጃለን፤ ለዚህ ክፍያ አንጠይቅም።

አሁን በእጃችሁ ያለ፣ ሕግ ይሁን ረቂቅ ያልገባችሁ ሰነድ ካለ ፎቶውን ሳይሆን ሙሉ ፋይሉን ላኩልን። በፎቶ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ የመጨረሻውንም ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
ሥራ አስኪያጁ