ደብዳቤ ለልጄ፦ የጉንዳኗ ወገብ ይታይ

ውድ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በጣም ናፍቃሻለች። ባሕር ዳር ሙቀቱ ጀምሯል፤ ማታ ማታ ግን ከጣና በኩል ነፋስ አለ።

ዘጌ ላይ ያነሳሻቸውን የጉንዳን ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። መምህርሽ «የጉንዳኗን ዓይነት በዚህ ፎቶ መለየት አይቻልም» ማለቱ እንዳስከፋሽ ገብቶኛል። ግን ልጄ፣ እውነቱን ነው። የቡናው ቅጠል ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ ጅማቱ ሳይቀር ይታያል። ጉንዳኗ ግን ጥቁር ነጥብ ናት። ፎከሱ ያረፈው ቅጠሉ ላይ ነው።

እኔ ፎቶ ቤት ስሠራ የኖርኩት የሰው ፊት ሳነሳ ነው። ሰው በፊቱ ይታወቃል። ጉንዳን ግን መጀመሪያ የምትታወቀው በወገቧ ነው። በደረቷና በሆዷ መካከል ያለችው ቋጠሮ አንድ ናት ወይስ ሁለት? ይህ ከታወቀ ፍለጋው ብዙ ይቀላል። ሆዷን እንደ ጊንጥ ወደ ላይ የምታነሳዋ፣ ክሬማቶጋስተር የሚሏት፣ ሁለት ቋጠሮ አላት። አንቺ ሁሉንም ያነሳሽው ከላይ ስለሆነ ይህ አይታይም።

ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ ሞከርኩት። ነጭ ወረቀት ዘርግቼ መሃሉ ላይ አንድ ጠብታ የስኳር ውሃ አደረግሁ። የምትሮጥ ጉንዳን ማንሳት ልፋት ነው፤ የምትጠጣ ግን ትቆምልሻለች። አንዷ መጣችና አንገቷን ደፋች። ስትጠጣ ሆዷ ቀስ እያለ ተነፋ፤ በጥቁሩ መሃል ነጣ ያሉ መስመሮች ብቅ አሉ። እጄን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ስልክ ላይ በሚገጠመው ትንሽ ሌንስ ከጎን አነሳኋት። የስልኩን ዙም አትንኪው፣ ምስሉን ያፈዘዋል። ቀጥታ ፀሐይም አይሁን፤ ገላዋ ያብረቀርቅና ዝርዝሩ ይጠፋል። ጥላ ነው ደህናው።

ከጎን፣ ከላይ፣ ከዚያ ፊቷን ፊት ለፊት አንሺ። አንቴናዋ እንዳይቆረጥ አደራ፣ አንጓው ይቆጠራል። አጠገቧ ማስመሪያ ይኑር፤ 3 ሚሊ ሜትር ትሁን 10 ከፎቶው ብቻ ማንም አያውቅም።

የእኔዋ ቋጠሮዋ አንድ ነው፤ አናቱ ላይ ሁለት እሾህ የመሰሉ ጫፎች አሉት። የአንቴናዋን አንጓ ቆጠርኩ፣ 11 ነው። ሌፒሲዮታ ከሚባለው፣ ብዙ ዝርያዎች ካሉት የጉንዳን ወገን ትመስለኛለች። ዝርያዋን ግን አልናገርም፤ ለዚያ ብዙ ጊዜ ጥሩ ፎቶም አይበቃም፣ ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። የዚህ ወገን ነገር የገረመኝ አለ። እንደ ፈረንጆቹ በ2017 በወጣ ጥናት፣ እዚሁ ጣና ዙሪያ በቤተ ክርስቲያን ደኖች ጉንዳን ሲያጠኑ የነበሩ ተመራማሪዎች ሌፒሲዮታ ካኔሰንስ የምትባለዋ እጅግ ሰፊ መንጋ እንደምትመሠርት ጽፈዋል። ትልቁ 38 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። እኛ ደግሞ ስንት ዓመት ረግጠናት አልፈናል! ያቺ የዘጌዋ ነጥብ እሷ ብትሆንስ? ከፎቶሽ ማወቅ አልተቻለም፣ ያ ነው የሚቆጨኝ።

ለፋሲካ ስትመጪ በጀልባ አብረን ዘጌ እንሻገራለን። ያቺን የቡና ዛፍ ታስታውሻታለሽ አይደል? ሌንሱን እኔ እይዛለሁ፤ ማስመሪያና ስኳር አንቺ ያዢ።

አባትሽ