አቦ፣ ፊርማህን ፈልጌ ነው

ወሪያ!

አለህ ወይ? አራት ዓመት ዝም አልኩህ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ፣ አለቀ። ዝርዝሩ ከታች አለ፤ ሳትናደድ አንብብ።

ጋለሪያችን አስር ዓመት ሞላው። «ጋለሪ» ስል ሳቅህ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። አዎ፣ ያቺው የድሬዋ፣ የከዚራዋ ጋራዥ ናት፤ ቆርቆሮዋ አሁንም እንደ ምጣድ ይግላል። በዓሉን እዚያ ማድረግ አሳፈረኝ። ሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ የጥንት ቤት አገኘሁ። የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት አይደለም። ራምቦ ከሄደ በኋላ የተሠራ የራምቦ ቤት እያልክ አስጎብኚዎቹን ስታበሽቅ አልረሳሁም። ራስ ተፈሪ ጫጉላቸውን ያሳለፉበትም አይደለም፤ እሱ ሙዚየም ሆኗል። ይሄኛው ሰው የሚኖርበት ነው። ባለቤቷ አዛውንት ናቸው።

ግን ስዕል የት ይሰቀላል? የሐረሪ ቤት ግድግዳ መቼ ባዶ ሆኖ ያውቃል? ከላይ እስከ ታች ስፌትና ሳህን ነው። እኔ ሞኙ መዶሻና ሚስማር ይዤ ገባሁ። ሴትዮዋ መዶሻውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የቡና ቅጠል ሆጃ ቀዱልኝ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ የገባችበትን የሚያነሱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው የሚያሳስባቸው የእናታቸው ስፌት ከቦታው እንዳይነሳ ነው። ጠጥቼ ስጨርስ መዶሻው የለም። እስካሁን አልመለሱልኝም።

ከዚያ መላ ዘየድን። ሦስቱን ስዕል ከጣሪያው እንጨት ላይ በጨርቅ አንጠለጠልን፤ ጨርቁን መኪና ግርግር ያለ ልብስ ሰፊ ደረበልን። ትንንሾቹ ግድግዳው ውስጥ ባሉት መደርደሪያዎች ገቡ። ትልልቆቹን መቀመጫው መደብ፣ ነደባው ላይ እንደ እንግዳ አስቀመጥናቸው። የነደባውን ቀይ ቀለም ታውቀዋለህ፤ የጨለንቆ ጦርነት ደም መታሰቢያ ነው የሚሉት፣ የ1879ኙ። ያ ቀይ ቀለም ስዕልን ይበላል አቦ! የኔ ሰማያዊዎች ሁሉ አጠገቡ ሲቀመጡ ብዙ ጊዜ የታጠበ ሸሚዝ መሰሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳነሳ ሳስቀምጥ ዋልኩ። ቀዩን የተቋቋመችው አንዷ ብቻ ናት። ያንተዋ ቀፊራ፣ የድሬ ገበያዋ ስዕል።

እ... እዚህ ጋ ነው ነገሩ።

ሸጫት ነበር። በሄድክ በሰባተኛው ወር። የሦስት ወር ኪራይ አለብኝ፣ አከራዩ ቁልፍ ሊቀይር በር ላይ ቆሟል፣ እሷ ደግሞ ከበሩ ጀርባ ተደግፋ ታየኛለች። «ብሩን በሳምንት እልክለታለሁ» አልኩ። አልላኩም። ከዚያ ስትደውል አላነሳሁም። ከዚያ አንተም ተውከው። ብሩን አሁን አጠራቅሜልሃለሁ። ማለቴ፣ ግማሹን።

የገዛት የጥርስ ሐኪም ነው። እንዲያውሰኝ ለመንኩት። «ውሰዳት፤ ስትመልሳት ግን ሠዓሊው ፈርሞባት» አለኝ። ለካስ ሳትፈርምባት ነው የሄድከው! ልንገርህ? እኔው ልፈርምልህ ነበር። ከድሮው የኪራይ ውላችን ላይ ፊርማህን እያየሁ ወረቀት ላይ ተለማመድኩ። ብሩሹንም ነከርኩ። እጄ እምቢ አለ።

በሚኒባስ ይዣት ስወጣ ረዳቱ የሰው ቦታ ይዛለች ብሎ የሁለት ሰው አስከፈለኝ። ደንገጎ ላይ በየጠመዝማዛው አቅፌያት ነበር። ቤት ስናስገባት አዛውንቷ ጥጉ ላይ ያለችውን ሽንኩርት ሻጭ ጠጋ ብለው አዩና «ይቺን አውቃታለሁ» አሉ። ማን ናት ስላቸው፣ «ሚዛን ታጎድላለች» አሉኝ። ይሄን ስሰማ ነው የግድ ልጽፍልህ የወሰንኩት።

መክፈቻው ከጥምቀት በኋላ ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ና። ድሬ ላይ እቀበልሃለሁ፤ ከዚያ ጀምረህ ብትሰድበኝ ሐረር ስንደርስ ይወጣልሃል። ሹራብ ያዝ። ቀጭኗን ብሩሽህንም አትርሳ፣ የኔዎቹ ጠጉራቸው አልቋል። መዶሻዬንም አንተ ጠይቅልኝ፤ እኔ ፈርቻለሁ።